ሮቦቱ ይቆይ፣ ንባቡ ይቅደም

ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች አጥር ላይ የሚሰቀለው ማስታወቂያ ተለውጧል። ቀድሞ «የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ» ይል የነበረው ባነር አሁን «ሮቦቲክስና ኮዲንግ ለሕፃናት» ይላል። መንግሥትም ከዚህ ጥድፊያ ወደኋላ አላለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ የማሠልጠን መርሐ ግብር አስጀምሯል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ተሰጥኦ ያላቸውን ታዳጊዎች በክረምት ተቀብለው ያሠለጥናሉ። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት በበርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከላት አቋቁሟል።

እነዚህ ሁሉ በየፊናቸው የሚመሰገኑ ናቸው። ችግሩ ከእነሱ ተነሥቶ በየስብሰባው፣ በየፕሮጀክት ሐሳቡና በየዳያስፖራ ማኅበሩ ውስጥ ሥር የሰደደው እምነት ላይ ነው። ልጅ ኮዲንግ ከአንደኛ ደረጃ ካልጀመረ ዘመኑ ያመልጠዋል ይባላል። ለመጀመር ኮምፒውተርና የሮቦት መገጣጠሚያ ያስፈልጋል ይባላል። ስለዚህ የገጠሩን ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል ማድረግ የሚሻ ሁሉ ለገጠሩ ትምህርት ቤት ሮቦት ይግዛ ይባላል። የሚቃወመው ሰው ጥቂት ነው፤ የተቃወመም «ኋላ ቀር» መባልን ይፈራል።

ይህ እምነት ግን ሦስት ጊዜ ይሳሳታል። በዕድሜው ይሳሳታል፣ በዕቃው ይሳሳታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቅደም ተከተሉ ይሳሳታል። ስሕተቱ ጎልቶ የሚታየው እንደ ወናጎ ባለ ቦታ ነው።

ወናጎ በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ በስተደቡብ፣ ወደ ይርጋ ጨፌና ሞያሌ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋን እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ የጥላ ዛፎች ተደራርበው የበቀሉበት ተዳፋት ከብቧታል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይኸው ነው። መሬቱ ለም ነው፤ ሰዉ ግን ብዙ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ነዋሪ 847,434 ነበር፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልሄደም። አባት ለአምስት ልጆቹ የሚያካፍለው ማሳ የለውም። የሚያወርሳቸው ትምህርት ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተቀሰቀሰው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው መጠለያ ሆነው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ልጅ የትምህርት ሰዓት ውድ ነው፤ በአጉል ሙከራ የሚባክን ክፍለ ጊዜ የለም።

ይህ ልጅ ታዲያ በአሁኑ ሰዓት ምን ጎድሎታል? የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 10 ዓመት ገደማ ከሆኑ ልጆች 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብቦ መረዳት አይችሉም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። በጌዴኦ ጎረቤት በሲዳማ ይህ ድርሻ ከግማሽ በላይ ነበር። የዚህ ዕዳ ማብቂያው 12ኛ ክፍል ላይ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ያለፉት ተማሪዎች ድርሻ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበር። መሻሻል አለ። ነገር ግን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚወድቅበት ሥርዓት ሕመሙ የሮቦት እጥረት አይደለም።

ኮድ ጽሑፍ ነው። መመሪያ አንብቦ መረዳት፣ ትእዛዝን በተራ መደርደር፣ ስሕተት ሲገኝ መስመር በመስመር ተመልሶ ማየት ይጠይቃል። ማንበብ ያልቻለ ልጅ የሮቦቱን ጎማ ሲሽከረከር አይቶ ይደሰታል፣ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሣል። ፕሮግራም ግን አይጽፍም።

«ቶሎ መጀመር አለበት» የሚለው ክርክር የሚጠቅሳቸው ትልልቅ ስሞች አሉ። ከሁሉ የሚቀድመው ሲሞር ፔፐርት ነው። ፔፐርት እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን ለልጆች የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ፤ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ኮምፒውተር የልጅን አስተሳሰብ ከሥሩ ይለውጣል ሲል ተከራከረ። ሌጎ ኩባንያ የሮቦት መገጣጠሚያውን «ማይንድስቶርምስ» ብሎ የሰየመው ከዚሁ መጽሐፍ ርእስ ወስዶ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ሲፈተሽ ግን ብዙ ርቀት አልሄደም። ሮይ ፒ እና ሚዲያን ከርላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ ሎጎ ለአንድ ዓመት የተማሩ ልጆችን ካልተማሩት ጋር አነጻጸሩ። ሎጎ የተማሩት ከኮምፒውተሩ ውጭ ሥራን በማቀድ ከሌሎቹ ተሽለው አልተገኙም። ኮዲንግ የተማረ ልጅ በራሱ ጊዜ ምክንያታዊ አሳቢ ይሆናል የሚለው ተስፋ ገና በሕፃንነቱ ማስረጃ ከድቶታል።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2014 ጀምሮ ከአምስት ዓመት ልጆች አንሥቶ የኮምፒውተር ትምህርትን ግዴታ አድርጋለች፤ ጃፓን በ2020 ፕሮግራሚንግን በአንደኛ ደረጃ አስገብታለች። እነዚህ ምሳሌዎች በየመድረኩ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም አገሮች ወደዚያ የሄዱት ግን ልጆቻቸው ማንበብና መቁጠር ከቻሉ፣ መምህሮቻቸው ከሠለጠኑ፣ መብራቱም ከመጣ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ መሆኑ አብሮ አይነገርም። ጣሪያቸውን የተመለከተ ሰው መሠረታቸውንም ማየት ነበረበት።

ለኢትዮጵያ አቅም ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ፔሩ ነው። ፔሩ «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በተባለው ዘመቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለትምህርት ቤቶች አከፋፈለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና 319 ትምህርት ቤቶችን ያጠናው ግምገማ ልጆቹ ማሽኑን መጠቀም እንደለመዱ፣ በሒሳብና በቋንቋ ውጤታቸው ላይ ግን የታየ ለውጥ እንዳልነበረ አረጋገጠ። ከእነዚያው ላፕቶፖች ጥቂት ሺዎች ወደ ኢትዮጵያም መጥተው ነበር።

የራሳችንም ታሪክ አለ። ለነገሩ ማን ይረሳዋል? በ1997 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ አስተማሪው በእንግሊዝኛ፣ በፈጣን አነጋገር፣ ስለማያውቃቸው ልጆች ሳይጨነቅ ያስተምራል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ሥራው መግቢያና መዝጊያ ጥቂት ደቂቃ መናገር፣ የቀረውን ጊዜ ቴሌቪዥኑን መጠበቅ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይጠፋል፤ ተማሪ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አያየውም። ያኔም «ዘመኑ እንዳያመልጠን» ተብሎ ነበር። መምህሩን በዕቃ ለመተካት የተደረገው ያ ሙከራ መምህሩንም ዕቃውንም አላተረፈም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ።

ዕቃው ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ወናጎ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ስድስት የሮቦት መገጣጠሚያ በዕርዳታ አገኘ እንበል፤ ይህም ደግ ለጋሽ ቢገኝ ነው፣ የታወቁት ዓይነቶች አንዱ ብቻ ከ300 ዶላር በላይ ያወጣልና። በክፍሉ 60 ተማሪ ካለ ለአንድ ሮቦት አሥር ልጅ ይደርሳል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ሳጥን ለመክፈት፣ የተበታተነ ዕቃ ለመቁጠርና መልሶ ለመሰብሰብ ከግማሽ ያላነሰው ይሄዳል። የቀረው ለአሥር ሲካፈል ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ደግሞ የሚወስዳቸው ደፋሩ ልጅ ነው፤ ከኋላ የቆመችው ልጅ የጓደኛዋን ትከሻ አይታ ትመለሳለች። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ገመድ ይጠፋል፣ አንድ ባትሪ ይደክማል፤ መለዋወጫው ዲላ ገበያ አይገኝም። ሌጎ ራሱ የማይንድስቶርምስን ምርት እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል። ዳይሬክተሩም ንብረት እንዳይጠፋበት ይፈራና መጋዘኑን ይቆልፋል።

ቋንቋውም አለ። የጌዴኦ ልጅ በአንደኛ ደረጃ የሚማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጌዴኡፋ፣ በላቲን ፊደል ነው። በዓለም ላይ ለልጆች የተሠራው ዝነኛው ስክራች ፕሮግራም በአማርኛ ተተርጉሟል፤ በጌዴኡፋ ግን የለም። ልጁ ሮቦቱን ለማዘዝ ገና ያልለመደውን ቋንቋ መሻገር አለበት። እንዲህ ያለ ትምህርት ኮዲንግን ያስተምራል ተብሎ ይጀመርና የሌላ ቋንቋ ቃላት በቃል ማጥናት ሆኖ ያርፋል።

የሮቦት ደጋፊዎች ሁለት ጠንካራ መልሶች አሏቸው፤ ሁለቱም በቀልድ አይታለፉም።

የመጀመሪያው ቤተልሔም ደሴ ናት። ሐረር ተወልዳ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀችው ይህች ወጣት ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው በአይኮግ ላብስ ሥር ባቋቋመችው መርሐ ግብር ብዙ ሕፃናትን ኮዲንግ አስተምራለች። ሰው «እሷ በዘጠኝ ዓመቷ ከቻለች የወናጎ ልጅ ለምን ያቅተዋል?» ይላል። አያቅተውም። ነገር ግን ቤተልሔም የጀመረችበትን ሁኔታ ልብ ማለት ያሻል። ማሽኑ በየቀኑ እጇ ላይ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ እውነተኛ ደንበኛ፣ እውነተኛ ሥራ፣ የምታገኘው ገንዘብም ነበር፤ ማንበብም ትችል ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ደቂቃ ሮቦት የሚነካ ልጅ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ሶፊያ የተባለችውን ሰው መሰል ሮቦት ሶፍትዌር በከፊል የጻፉት የአይኮግ ላብስ ወጣቶችም አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ምሩቃን እንጂ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ሮቦት ሲገጣጥሙ ያደጉ አልነበሩም። ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትጎበኝ አገር የኮራባቸው እነዚያ ልጆች የቆሙት በሒሳብ መሠረት ላይ ነበር።

ሁለተኛው መልስ ወንጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የ«ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው ቡድን በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላላዩ ልጆች ታብሌት በካርቶን አድርጎ ያለ አስተማሪ ሰጠ። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ከፈቱት፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱ። ዓለም «ልጆቹ አንድሮይድን ሰበሩት» ብሎ ጻፈ። ይህ የኢትዮጵያ ገጠር ልጅ ብልህ መሆኑን ያሳያል፤ ያን የተጠራጠረ ካለ ይፈር። ይሁን እንጂ የፊደል መዝሙር መዘመር ንባብ አይደለም፤ የተዘጋ ካሜራ መክፈትም ፕሮግራም መጻፍ አይደለም። ሙከራው የልጆቹን ፍላጎትና ጉጉት አሳየ፤ አስተማሪን የሚተካ ዘዴ ግን አላስገኘም።

ታዲያ የወናጎ ልጅ ኮምፒውተር እስኪደርሰው ምንም ሳይማር ይቀመጥ ማለት ነው? በፍጹም። ከኮዲንግ ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ያለ ኮምፒውተር ሊማሩት ይቻላል፤ ይህም ድሆች የፈጠሩት ማጽናኛ አይደለም። የኒውዚላንዱ ቲም ቤል ከኢያን ዊተንና ከማይክ ፌሎውስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጀው መርሐ ግብር የኮምፒውተር ሳይንስን በካርድ፣ በገመድና በጠመኔ ያስተምራል፤ የሀብታም አገር ትምህርት ቤቶችም ይጠቀሙበታል። አንድ ልጅ «ሮቦት» ይሆናል፣ መሬት ላይ በጠመኔ ሣጥን ይሠመራል፣ ጓደኞቹ «ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ግራ ዙር» እያሉ ጽፈው ያዙታል። ግድግዳ ቢገጨው ስሕተቱ የሮቦቱ አይደለም፤ ጸሐፊዎቹ ወረቀታቸውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ይመረምራሉ። ስድሳውም ልጅ ይሳተፋል፣ በጌዴኡፋ ይካሄዳል፣ ወጪው ጠመኔ ነው።

ከዚያ የሚበልጥ ቤተ ሙከራ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ አለ። በመኸር ወራት በወናጎ ዙሪያ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራውን ሰው ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። ከሰዓት በኋላ እሸት ቡና በጆንያ ይመጣል። ቀይ የሆነው ወደ መፈልፈያው ይሄዳል፤ አረንጓዴውና የደረቀው ይለቀማል። ከመፈልፈያው የወጣው በውኃ ቦይ ሲነዳ ከባዱ ይሰምጣል፣ ቀላሉ ይንሳፈፋል፤ ደረጃው የሚለየው በዚህ ነው። የቀረው ፍሬ ሙጫው እንዲለቅ በገንዳ ውስጥ ይብላላል። ለስንት ሰዓት? ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ እንደ ከፍታውና እንደ ቅዝቃዜው ይለያያል። ስለዚህ ሠራተኛው እየሄደ ከገንዳው ጭብጥ አድርጎ ያወጣና በመዳፎቹ መካከል ያሻል። ካንሸራተተ ይመልሰዋል፣ ቆይቶ ደግሞ ያሻል። ሻክሮ ከጮኸ ገንዳው ይከፈታል፣ ቡናው ይታጠባል። ከዚያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እየተገላበጠ ይደርቃል፣ ፀሐይ ሲከር ይሸፈናል፣ ማታም ይሸፈናል፤ እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ ሲደርስ ይነሣል።

ፕሮግራመሮች «ከሆነ፣ ካልሆነ» የሚሉት ምርጫ፣ ሁኔታው እስኪሟላ የሚደጋገም ሥራ፣ የመለያ ደንብ፣ የማብቂያ መለኪያ፣ ሁሉም እዚህ አለ። ብዙ የወናጎ ልጅ ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ በለቀማ ወቅት ከክፍል የሚቀረውም በቡናው ሰበብ ነው። የአራተኛ ክፍል መምህር ተማሪዎቹን ሂደቱን በተራ እንዲጽፉት፣ ከዚያ አንዱ የጻፈውን ሌላው ስሕተት ፈልጎ እንዲያርመው ቢያደርግ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ የአካባቢ ሳይንስና የኮዲንግ አስተሳሰብ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገናኛሉ።

ሒሳቡም ከቡናው ብዙ አይርቅም። በዓለም ያሉ ፕሮግራመሮች ለልምምድ የሚጽፉት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባል ዘዴ አለ፤ ተመሳሳዩ በጥንታዊት ግብፅም ይሠራበት ነበር። 13 ኪሎ እሸት ቡና በ45 ብር ስንት ያወጣል? በግራ 13 ይጻፍና በየመስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ትርፉ ይጣላል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 45 ይጻፍና በየመስመሩ ይታጠፋል፦ 45፣ 90፣ 180፣ 360። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ካለበት መስመር የቀኙ ይሰረዛል፤ እዚህ ከ6 ጎን ያለው 90 ነው። የቀሩት 45፣ 180ና 360 ይደመራሉ፤ 585 ብር ይሆናል። ማጠፍ፣ ማጋመስና መደመር የሚችል ልጅ ማባዣ ሰንጠረዥ ሳይሸመድድ ይደርስበታል። ከዚያ ለምን ትክክል እንደሚሆን ይጠየቃል፤ 13 የ8፣ የ4ና የ1 ድምር መሆኑን ሲያገኝ ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዝበትን የሁለትዮሽ ሥርዓት በገዛ እርሳሱ ነክቶታል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ፍትሕን ያነሣል። «የቦሌ ልጅ ሮቦት፣ የወናጎ ልጅ ጠመኔ? ይህ ድሃውን በሁለተኛ ደረጃ ማስቀመጥ አይደለም ወይ?» ይባላል። ጥያቄው ቅን ነው። መልሱ ግን የቦሌው ልጅ ከወናጎው የሚቀድምበትን ነገር በትክክል ከመለየት ይጀምራል። የቦሌው ልጅ ቤቱ መጽሐፍ አለ፣ ወላጁ ያስጠናዋል፣ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ያነባል። ሮቦቱ የመጣው በዚያ ላይ ነው። ልዩነቱን የሚያሰፋው ንባቡ ነው። ማንበብ ለማይችል ልጅ ሮቦት መስጠት ልዩነቱን በፎቶ ይሸፍነዋል እንጂ አያጠበውም። ለአምስት ሚሊዮኑ የኮደሮች ሥልጠና እንኳ ለመመዝገብ ስልክ፣ ኢንተርኔትና የእንግሊዝኛ ንባብ ያስፈልጋል፤ የወናጎ ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ እዚያ በር ላይ ሲደርስ የሚያስገባው ሁለተኛ ክፍል ላይ የነካው ጎማ ሳይሆን ዘጠኝ ዓመት ያነበበው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ያለው ወገን የሚሠራው ሥራ ሞልቶለታል። በጌዴኡፋ የሚነበቡ የልጆች መጻሕፍት ይታተሙ። ሥራውን በመምህራንና በጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅነት የጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስና የቋንቋ መምህራኑን አገናኝቶ ያለ ማሽን የሚሰጡ ትምህርቶችን በጌዴኡፋ ያዘጋጅ፣ በክረምት የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ያሠልጥን። አዲስ የትምህርት ዓይነት አያስፈልግም፤ ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ ውስጥ ይግባ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ኮምፒውተር ይምጣ፤ ያኔም ለአንድ ትምህርት ቤት የሚጠግነው ሰውና የመለዋወጫ በጀቱ አብረው ካልመጡ አይምጣ።

የጌዴኦ ዞን ትምህርት መምሪያም ከዚህ በኋላ ለአንደኛ ደረጃ ሮቦት ይዞ ለሚመጣ ለጋሽ ሁሉ የትምህርት ቤቱን የሦስተኛ ክፍል የንባብ ውጤት አስቀድሞ ያሳየው፤ ያን ለማሻሻል ፈቃደኛ ካልሆነ አመስግኖ ይመልሰው።